በ36 ዓመቴ ለኮማንዶነት ስዘጋጅ ቅልጥሜ አስቸገረኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ኮማንዶ መሆን የልጅነት ምኞቴ ነበር፤ አባቴ ሲያርፍ ግን ታናናሾቼን ማሳደግ ቀደመና ዕድሜዬ ሄደ። አሁን ሁሉም ራሳቸውን ችለዋል።

የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን (የሌላ አገር ሰዎችን የሚቀጥር የፈረንሳይ ጦር ክፍል) እስከ 39 ዓመት ተኩል ይቀበላል፤ ፈረንሳይኛውንም እዚያው ያስተምራል። ኮርሲካ ደሴት፣ ካልቪ የሰፈረው 2ኛው የሌጌዎኑ የፓራሹት ሬጅመንት የተመረጡ ኮማንዶዎች አሉት። ለመመዝገብ ግን በራስ ወጪ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ ግዴታ ነው። ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ሰውነቴን ማወቅ አለብኝ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ያለ ሸክም 10 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር እሮጣለሁ። 20 ኪሎ ግራም አሸዋ አዝዬ ከፍቅር ሐይቅ ወደ ታቦር ተራራ መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ቀኝ ቅልጥሜ ያመኛል። ሕመሙ አልተሰራጨም፤ አንዲት ቦታ በጣት ስጫናት ትጠዘጥዘኛለች። ሳምንት ሳርፍ ይተወኛል፣ ሸክሙን ስመልስ ይመለሳል። እንዲህ በአንድ ነጥብ የሚያም ነገር የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን እንደሚችል፣ ጅማሬው ላይም በራጅ ላይታይ እንደሚችል አንብቤ ፈርቻለሁ።

ባለሙያዎች፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንስ ልተማመን? ወይስ ኤምአርአይ ልነሣ? ስመለስ በስንት ኪሎ ልጀምር፣ በየስንት ቀኑስ ልሸከም? ከ30 ዓመት በኋላ ውትድርና የገባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዝግጅቱ ስንት ወር ፈጀባችሁ? «ዕድሜህ አልፏል» የሚለውን ከቤተሰቤ ሰምቻለሁ፤ ከእናንተ የምለምነው መንገዱን ነው።