ጠላዬ በተከፈተ ማግስት እየኮመጠጠ ስላስቸገረኝ ምክር እሻለሁ
የጠላ አጠማመቅ ልምድ ያላችሁ ሁሉ እንድታግዙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የጌሾ ቅጠልና የገብስ ብቅል በውኃ በጥብጬ ከጠነሰስኩ በኋላ ቂጣውንና አሻሮውን ጨምሬ፣ ድፍድፉ ሲብላላ ውኃ ሞልቼ በወይራ በታጠነ ጋን አሽገዋለሁ። መጀመሪያ ሲቀዳ የጢሱ መዓዛና የጌሾው ምሬት ተመጣጥነው እጅግ ደስ ይላል፤ በማግስቱ ግን ላዩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ይታያል፣ ኮምጣጣነቱም ምሬቱን ይውጠዋል። አየር ሲገባ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እንደሚበረቱ ስለማውቅ ጥፋቱን ከዚያ እጠረጥራለሁ። ታዲያ ጌሾውን ማብዛት ይሻላል (ምሬቱ እንግዳ እንዳያሸሽ እሰጋለሁ)፣ ወይስ ከድፍድፉ አጥልሎ በጠርሙስ ማሸግ? ከታሸገ በኋላም መፍላቱ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ጠርሙሱ እንዳይፈነዳ ምን ታደርጋላችሁ?