ችግኙ ጀልባ ላይ ሳይወጣ፦ ለደቅ ደሴት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለክልሉ ግብርና ቢሮ የምናስገባው ሐሳብ ረቂቅ ይኸው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ጣና ሐይቅ ውስጥ ወዳለው ደቅ የሚሻገር ችግኝ፣ ዘርና የዓሣ መረብ ከየብስ ሳይነሣ ይታይ። እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል እንደከረመ ታውቃላችሁ። ማሽን መጣ፣ ዘመቻ ተደረገ፤ አረሙ ግን ዛሬም አለ። መጤ ተምችንም ጨምሬያለሁ። እስኪ አስተያየታችሁን።

ከባሕር ዳር፣ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፦
ጋሼ፣ ተምቹ ይውጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. አገራችን የገባው በራሱ ክንፍ እየበረረ ነው፤ የጀልባ ፍተሻ አያቆመውም። እኔን የሚያሰጋኝ ማንጎው ነው።

ዋይት ማንጎ ስኬል የሚባለው ተባይ መጀመሪያ የተገኘው በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ነው። ዛሬ አማራ ክልልም ደርሷል። ሴቷ ክንፍ የላትም። ነጭ ቅርፊት ለብሳ ቅጠል ላይ ተለጥፋ ትኖራለች። ገና የተፈለፈሉትን ነፋስ ከዛፍ ዛፍ ያዘዋውራቸዋል፤ ሩቅ የሚያደርሳቸው ግን ሰው ነው፣ በችግኝ። በብዛት ሲይዘው ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ፍሬው ላይ ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይወጣል። ሥጋው ደህና ቢሆንም ገበያ ላይ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ያረጀ የማንጎ ዛፍ ጫፍ የሚደርስ መርጫስ ማን አለው?

የማንጎ ሳጥን ውስጥ የሚጎዘጎዘውን ቅጠልም አትርሱብኝ። ባዶ ሳጥን ከገበያ ሲመለስ ቅጠሉ አብሮ ይመለሳል። ተራግፎ ይጫን ተብሎ ይጻፍልኝ።

ከደቅ፣ ገበሬ፦
ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን "ችግኝ አይግባ" ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ በሌሊት በታንኳ ይገባል። ሰው የተዳቀለ ማንጎና አቮካዶ ይፈልጋል፤ ምን ያድርግ? ችግኝ ጣቢያ እዚሁ ይቋቋምልን። ያን ጊዜ ከማዶ ማን ይሸከማል? ደግሞ ጀልባው በሽተኛም ለቀስተኛም ነው የሚጭነው። ሰው አታጉላሉብን።

ከጎርጎራ፦
አባባ ልክ ናቸው። እኔ የምጨምረው ስለ መረቡ ነው። የእምቦጭ ቁራጭ የተጠላለፈበት መረብ ደሴቱ ዳር ከታጠበ አለቀ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ይቆያል ይባላል። መረብ እዚሁ ይራገፍ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ይጫን። ደሴቱ ላይ ያሉት የናርጋ ሥላሴ አባቶችም ይነገራቸው፤ ምእመን ለገዳሙ ችግኝ ይዤ ልሂድ ሊል ይችላል።

ከኦክላንድ፦
እዚህ ኒውዚላንድ አንዲት ፖም ሳያስመዘግብ የገባ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ይቀጣል። ጫማ ላይ ያለ ጭቃ ሳይቀር ያያሉ። እኛም ቅጣት እናስገባ።

ከደቅ፣ ገበሬ፦
400 ዶላር! እሱን የሚከፍል ጀልባውን ሸጦ ነው።

ከባሕር ዳር፣ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፦
ቅጣቱ ይቅር፣ ወንድሜ። ግን እዚያ ከፍተሻው በፊት የያዙትን የሚጥሉበት ሳጥን አለ አይደል? እዚያ የጣለ አይቀጣም። እኛም ጀልባ መነሻው ላይ እንዲህ ያለ ነገር እናስቀምጥ። የተጣለውን በየቀኑ የሚያቃጥል ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ራሳችን ተባይ ማራባታችን ነው።

ሰብሳቢ፦
ረቂቁን አስተካክያለሁ። ችግኝ ጣቢያው አንደኛ ሆነ፤ ያለ እሱ ቁጥጥሩ ወረቀት ነው። ፍተሻው ባሕር ዳርና ጎርጎራ ላይ፣ ጭነት ላይ ብቻ። መረብ ማድረቅና ሳጥን ገብተዋል። ተምችና ቅጣት ወጥተዋል። የተቆጣጣሪውን ደመወዝ ማን እንደሚችል አልተስማማንም። እኔ ቢሮው ይክፈል ባይ ነኝ፤ ከጀልባ ተሳፋሪ ላይ ይሰብሰብ የሚለውን አልቀበልም።

ሐሳቡ ሳይላክ ግን የደሴቱ ማንጎ መታየት አለበት። አባባ፣ በየጓሮው እየዞሩ ቅጠል የሚያገላብጡ ሁለት ልጆች ይምረጡልን። ያጠራጠራቸውን ቅጠል በፌስታል አስረው እዚያው ያቆዩት። ፎቶውን ብቻ ይላኩ፤ ቅጠሉ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ።

ከደቅ፣ ገበሬ፦
ሁለቱ ልጆች ተገኝተዋል። አበል ይጠይቃሉ፣ ከወዲሁ እወቁት።