ተሳስቶ ያስተማረ ሰውና ሐሰተኛ አስተማሪ በመጨረሻው ፍርድ አንድ ናቸውን?

ፈላጊ፦

በክርስቶስ የተወደዳችሁ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ትምህርቱን ለረጅም ጊዜ እከታተለው የነበረ አንድ አስተማሪ በቅርቡ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። በሕይወት ሳለ ደጋግሞ ያስተምር ከነበረው ነገር አንዱ፣ ያመነ ሰው ስለ ሥራው በክርስቶስ ፊት የሚጠየቅበት ቀን የለም የሚል ነበር። ይህ አነጋገር በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥10 ሁላችን በክርስቶስ በፍርድ ወንበር ፊት እንገለጥ ዘንድ ይገባናል ከሚለው ቃል ጋር እንደሚጋጭ የነገሩት ሰዎች እንደነበሩ እሰማለሁ፤ ምን እንደመለሰላቸው ግን አላውቅም። አሁን አድማጮቹ በሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ሰውየው ወደ ሲኦል እንደወረደ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይናገራል፤ ሌላው ወገን ደግሞ «አትፍረዱ» የሚለውን ቃል ጠቅሶ ስለ ትምህርቱ እንኳ አንድ ቃል እንዳይነሣ ይከለክላል።

ጥያቄዬ በአንድ ሰው ላይ ፍርድ እንድትሰጡ አይደለም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥15 ሥራው የተቃጠለበት ሰው ራሱ ግን በእሳት እንደሚድን ሆኖ ይድናል ተብሏል፤ በ2ኛ ጴጥሮስ 2፥17 ደግሞ ስለ ሐሰተኞች አስተማሪዎች «ድቅድቅ ጨለማም ለዘላለም ተጠብቆላቸዋል» ይላል። ሁለቱም ስሕተት ያስተማሩ ሰዎች ከሆኑ፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? አምነው የተከተሏቸውስ ሰዎች በዚያ ቀን የሚጠየቁት እንዴት ነው?

የቤርያ ሰው፦

ውድ ፈላጊ፣ ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን ማስቀመጥዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን የቆሮንቶሱን ክፍል ቁጥር 15 ላይ አያቁሙት፣ ሁለት ቁጥር ዝቅ ይበሉ። ሐዋርያው በዚያ ቦታ የሚያሳየን ሁለት ሳይሆን ሦስት ሰዎችን ነው። የመጀመሪያው በወርቅ፣ በብርና በከበረ ድንጋይ ያንጻል፤ ሥራው በእሳት ተፈትኖ ይጸናል፣ ደመወዙንም ይቀበላል። ሁለተኛው በዚያው መሠረት ላይ በእንጨት፣ በሣርና በአገዳ ያንጻል፤ የደከመበት ሁሉ ይቃጠልና እርሱ ብቻውን ከእሳት ያመልጣል። ሦስተኛው በቁጥር 17 የተጠቀሰው ነው፤ እርሱ ጭራሹን አያንጽም፣ የእግዚአብሔርን ቤተ መቅደስ ያፈርሳል፣ እግዚአብሔርም እርሱን እንደሚያፈርሰው ተጽፎበታል። ጴጥሮስና ይሁዳ በመልእክቶቻቸው የሚናገሩት ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የሚገኘው በስሕተቶቹ ቁጥር ሳይሆን፣ በቁጥር 11 እንደተነገረው ኢየሱስ ክርስቶስ በሆነው መሠረት ላይ ሰውየው ምን እንዳደረገ በመመልከት ነው።

ነገሩን በሕይወት ለማየት የሐዋርያት ሥራ 18ን ያንብቡ። አጵሎስ በመጻሕፍት እውቀት የበረታ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር፤ ነገር ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ስለነበረ ትምህርቱ ጎደሎ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ ሰምተውት በአደባባይ አላዋረዱትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው በትክክል አስረዱት፣ እርሱም ተቀበለ፣ ከዚያም ወደ አካይያ ሲሄድ ላመኑት ብዙ ጠቀማቸው። በአንጻሩ ሄሜኔዎስን እንመልከት። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥20 ላይ እንዳይሳደብ ይማር ዘንድ ተቀጥቶ እናገኘዋለን፤ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥17-18 ላይ ደግሞ ከፊሊጦስ ጋር ሆኖ ትንሣኤ ከአሁን በፊት ሆኗል እያለ የአንዳንዶችን እምነት ሲገለብጥ ይታያል። ጳውሎስም ለቲቶ የሰጠው ትእዛዝ፣ መለያየትን የሚያነሣውን ሰው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ገሥጾ ከዚያ በኋላ እንዲርቀው ነው። እንግዲህ ሰውየው ከስሕተቱ ይልቅ የሚታወቀው እርማት በመጣለት ጊዜ በሚሰጠው መልስ ነው ብል ከመጻሕፍት የራቅሁ አይመስለኝም።

ሌላው ምልክት ገንዘብ ነው። ጴጥሮስ ሐሰተኞች አስተማሪዎች ገንዘብን በመመኘት በተፈጠረ ነገር እንደሚነግዱባችሁ ይናገራል፤ ምሳሌ የሚያደርግባቸውም የዓመፃን ደመወዝ የወደደውን በለዓምን ነው። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈው ዲዳኬ የተባለው ጽሑፍ ይህን እስከ ቀን ቆጠራ ያደርሰዋል፦ ተጓዥ ሐዋርያ አንድ ቀን፣ ካስፈለገም ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ ሦስት ቀን ቢቀመጥ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነው፤ ሲሄድም እስከሚያድርበት ስፍራ ከሚበቃው እንጀራ በቀር ምንም አይውሰድ፣ ገንዘብ ቢጠይቅ ሐሰተኛ ነቢይ ነው ይላል። በዚህ መለኪያ ዛሬ ብንመዝን ስንቱ እንደሚያልፍ እንጃ።

ስለ «አትፍረዱ» የጠቀሱት በአጭሩ የሚመለስ ነው። ጌታ ይህን በማቴዎስ 7፥1 ከተናገረ በኋላ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 15 ላይ የበግ ለምድ ለብሰው ከሚመጡ ከሐሰተኞች ነቢያት ተጠንቀቁ ብሏል። ትምህርትን ሳይመረምሩ መጠንቀቅ አይቻልም።

መቅረዝ፦

ወንድሜ የቤርያ ሰው ስለ ሦስቱ ሰዎች ያብራሩት ለእኔም ጠቅሞኛል። ይሁን እንጂ አንባቢ ከዚያ ተነሥቶ «እንግዲያስ በቅን ልብ የተሳሳተ ሁሉ ከሁለተኛው ወገን ነው» ወደሚል መደምደሚያ እንዳይሄድ እሰጋለሁ። በዚያው በማቴዎስ 7 ቁጥር 22 እና 23 ላይ በጌታ ፊት የሚቆሙትን ሰዎች ተመልከቱ። ብዙዎች ናቸው፤ በስምህ ትንቢት ተናገርን፣ በስምህ አጋንንትን አወጣን፣ በስምህ ብዙ ተአምራትን አደረግን ይላሉ፤ «ከቶ አላወቅኋችሁም» የሚለውን መልስ ሲሰሙ ግን የጠበቁት ይህን እንዳልነበረ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ራሳቸውን እንደ ታማኝ አገልጋዮች ሲቆጥሩ ኖረዋል ማለት ነው። ጳውሎስም በ2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥13 ላይ አታላዮች «እያሳቱና እየሳቱ» በክፋት እየባሱ እንደሚሄዱ ይናገራል፤ የሚያስተው ራሱም የሳተ ነው። ሰው ውሸቱን ብዙ ጊዜ ከደጋገመው በኋላ ራሱ የመጀመሪያው አማኝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በቅንነት ነው የሚናገረው ብንል እንኳ ቅንነቱ የኋላ ፍሬ እንጂ ከጥንት የነበረ አይደለም።

ከዚህም ሌላ የመጨረሻው ፍርድ ጉዳይ በ2ኛ ጴጥሮስ ውስጥ ለሐሰተኞች አስተማሪዎች የተነገረ ማስፈራሪያ ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ እነርሱ ይክዱት የነበረው ራሱ የትምህርቱ ዋና ነጥብ ነው። በምዕራፍ 3 ላይ ዘባቾች «የመምጣቱ የተስፋ ቃል ወዴት ነው?» ይላሉ። ጴጥሮስም አስቀድሞ በምዕራፍ 2 ሦስት ምስክሮችን አቁሟል፦ ኃጢአት ያደረጉትን መላእክት፣ ኖኅ ከሌሎች ሰባት ጋር የተረፈበትን የጥፋት ውኃ፣ ሎጥ የዳነባቸውን ሰዶምንና ገሞራን። ይሁዳ ደግሞ በቁጥር 14 እና 15 ላይ የሄኖክን ትንቢት ይጠቅሳል፤ ሙሉ መጽሐፉ በግእዝ ተጠብቆ ስለቆየ ጥቅሱን ከምንጩ ማየት ለእኛ አይቸግርም። ፍርድ የለም የሚል ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤርምያስ በምዕራፍ 23፣ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 13 የከሰሷቸው ነቢያት ሰላም ሳይኖር ሰላም ይሉ የነበሩት ናቸው። ስለዚህ ፈላጊ የጠቀሱልን ትምህርት፣ ማለትም ጥያቄ የለም የሚለው፣ በእኔ ዕይታ ከእንጨትና ከሣር ወገን ተብሎ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ትሑት፦

የሁለታችሁንም አንብቤአለሁ። የፈላጊ ሁለተኛ ጥያቄ፣ ማለትም የተከታዮቹ ነገር፣ ሳይመለስ ስላለፈ እኔ በዚያ ላይ ልጻፍ።

በ1ኛ ነገሥት 13 ላይ ያለውን ታሪክ ያነበበ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው በቤቴል መሠዊያ ላይ ተናገረ፤ እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ ታዝዞ ስለነበር የንጉሡን ግብዣ እንኳ እንቢ አለ። በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ነቢይ ተከትሎት፣ እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ፣ መልአክ ነግሮኛል ብሎ ዋሸው፤ እርሱም ተመልሶ በላና ጠጣ። በመንገድ ላይ አንበሳ አግኝቶ ገደለው፤ አንበሳውም ሬሳውን ሳይበላ፣ አህያውንም ሳይሰብር በሬሳው አጠገብ ቆሞ ነበር። መንገደኞች ያዩት ነገር ይህ ሲሆን፣ የዋሸው ሽማግሌ ግን በቤቱ ነበር፤ ወጥቶ ሬሳውን አምጥቶ አለቀሰለት፣ ሲሞትም በእርሱ መቃብር እንዲቀብሩት ልጆቹን አዘዘ።

ታሪኩ ያስጨንቃል፤ ቀላል ማብራሪያ ሲሰጠው ስሰማም ደስ አይለኝም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ የተታለለው ሰው የእግዚአብሔርን ቃል በቀጥታ ሰምቶ ነበር፤ ሌላው የነገረው ከሰማው ጋር ሲጋጭ የሚይዘውን ያውቅ ነበር። በዘዳግም 13 ላይም ነቢዩ የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌሎች አማልክት የሚጠራ ከሆነ አትስሙት ተብሏል። ስለዚህ ተከታይ «አስተማሪዬ ነገረኝ» ብሎ ብቻ አያመልጥም፤ ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ወደ ጉድጓድ እንደሚወድቁ በማቴዎስ 15፥14 ተጽፏል።

ነገር ግን ሁለቱ እኩል አይጠየቁም። በሕዝቅኤል 3፥18 ኃጢአተኛው በኃጢአቱ ይሞታል፤ ደሙ ግን ካላስጠነቀቀው ጉበኛ እጅ ይፈለጋል። በሉቃስ 12፥47-48 የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያላደረገው ባሪያ ብዙ ይገረፋል፣ ሳያውቅ ያደረገው ጥቂት ይገረፋል። ያዕቆብም ብዙዎቻችን አስተማሪዎች እንዳንሆን የመከረው የባሰውን ፍርድ እንደምንቀበል ስለሚያውቅ ነው፤ «እንቀበላለን» ብሎ ራሱን ጨምሮ መናገሩ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጻፎችም በማርቆስ 12፥40 የባሰ ፍርድ እንደሚጠብቃቸው ጌታ ተናግሯል። መጽሐፍ ማንበብ የማይችል፣ ሌላ አስተማሪ ያላገኘ፣ የሰማውን በሙሉ ልቡ ለመፈጸም የደከመ ሰው ምን ያህል እንደሚጠየቅ የሚያውቀው ያ ዳኛ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ጌታ ባያቸው ጊዜ እረኛ እንደሌላቸው በጎች ተጨንቀው ነበርና አዘነላቸው እንጂ አልወቀሳቸውም።

ፈላጊ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመቅረዝ ማሳሰቢያ ከበድ ቢልብኝም ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሐሰተኛ አስተማሪ ሆኖ በግልጽ የተለየ ሰው የመመለሻ በር አለው ወይስ በ2ኛ ጴጥሮስ የተነገረው ፍርድ ከወዲሁ የተዘጋ ነው?

የቤርያ ሰው፦

በሩ እስከ ሞት ድረስ ክፍት እንደሆነ ከሚያሳዩት ሁሉ የሚበልጠው በራእይ 2 ለትያጥሮን ቤተ ክርስቲያን የተጻፈው ነው። ነቢይ ነኝ እያለች የጌታን ባሪያዎች ታስት ስለነበረችው ኤልዛቤል የተነገረው የመጀመሪያ ነገር ቅጣት አይደለም፤ ንስሐ እንድትገባ ዘመን ሰጠኋት የሚል ነው። ንስሐ ልትገባ አልወደደችም፤ ፍርዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ የሚቃወሙትን በየዋህነት እንዲያቀና ሲያዝዘው፣ ምናልባት እግዚአብሔር ንስሐን ይሰጣቸው ይሆናል ብሎ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ደግሞ የማርቅዮንን ነገር ላንሣ። ይህ የጳንጦስ ሰው ወደ ሮም በመጣ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያኒቱ 200,000 ሴስቴርሺየስ (የሮማውያን ገንዘብ) ሰጥቶ ነበር፤ ፈራጁ የብሉይ ኪዳን አምላክ ሌላ ነው፣ የኢየሱስ አባት የሆነው ቸር አምላክ ሌላ ነው ብሎ በማስተማሩ በ144 እ.ኤ.አ. ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ሲለይ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ተመለሰለት። መቅረዝ እንዳሉት እዚህም የፍርድ ነገር መካከል ላይ እንዳለ ልብ በሉ፤ የማርቅዮን ቸር አምላክ የማይፈርድ አምላክ ነበር። የሰሜን አፍሪካዋ ከተማ የቅርጣግና ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ፣ ለማርቅዮን ምንም ፍቅር ያልነበረው ሰው፣ ስለ መጨረሻው የሚነግረን እንዲህ ነው፦ ማርቅዮን በኋላ ንስሐ እንደገባ ተናገረ፣ ያሳታቸውን ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢመልስ እንደሚቀበሉት ተነገረው፣ በዚህም ተስማማ፤ ሳይፈጽመው ግን ሞት ቀደመው። ጠላቱ ራሱ ስለጻፈው ይህን ለማርቅዮን ሲባል የተፈጠረ ወሬ ነው ለማለት ይከብዳል። የተጠየቀው ነገርም ትክክለኛ ነው፤ በአደባባይ ያሳተ ሰው በጓዳ «ይቅር በለኝ» ብሎ ብቻ አይጨርስም፣ የመራቸውን መመለስ አለበት። እግዚአብሔር የማርቅዮንን ስምምነት እንዴት እንደቆጠረው ግን ጠርጡልያኖስም አልደፈረም፣ እኛም አንደፍርም።

መቅረዝ፦

በዚህ እስማማለሁ። ፈላጊ ላነሡት ሰው አድማጮችም የሚሠራው ነገር ከዚህ የሚከተል ይመስለኛል፦ ሰውየው አሁን ያለበትን መወሰን ትተው፣ በትምህርቱ ተይዘው የቀሩትን መፈለግ። ይሁዳ ስለ እነዚህ ሐሰተኞች ያንን ሁሉ ከጻፈ በኋላ በቁጥር 22 እና 23 ለአንባቢዎቹ የሚሰጣቸው ሥራ ይኸው ነው፤ የሚጠራጠሩትን እንዲምሩ፣ ሌሎችን ከእሳት ነጥቀው እንዲያድኑ። የተቀረጹ ስብከቶቹ አሁንም እየተሰራጩ ከሆነ በ2ኛ ዮሐንስ ቁጥር 10 እና 11 የተነገረው ተግባራዊ ይሆናል፤ እንዲህ ላለ አስተማሪ ሰላም የሚለው ሰው በክፉ ሥራው ይካፈላልና፣ ማሰራጨትም ከዚያ አያንስም። ፈላጊ፣ እርስዎ ለሌሎች ያስተላለፉት ካለ በዚያው መንገድ 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥10ን ጨምረው ይላኩላቸው።