የሐረጎን ዳገት የምትችል የቤተሰብ መኪና፣ ዘይቱስ በስንት ይቀየር?

እስቲ ምከሩኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ በየቀኑ ሐረጎን ወርጄ እወጣለሁ። የቆየች ቪትዝ ነው የምነዳው። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ነበር የምቀይረው፤ አሁን ዘይቱም ፊልትሮውም ኪስ ያራቁታል። አንዱ መካኒክ «ሲንቴቲክ ዘይት አድርግና 10,000 ንዳ» አለኝ። ሌላው «ዳገት በሚበላ ሞተር አትቀልድ» ይላል። የዘይት መለኪያውን ስስበው ዘይቱ ጠቁሯል፤ ከታችኛው ምልክት ግን አልወረደም። 7,500 ላይ ብቀይርስ?

ደግሞ ሦስተኛ ልጅ መጣ፤ እናቴም አብራን ናት። ባለ 7 መቀመጫ አቫንዛ አማረኝ። የቆየችው ሞዴል የኋላ ጎማ የሚገፋት መሆኗ ለዳገት ደስ ይላል። ግን ቤቱን ሙሉ ጭና ባለ 1.3 ሊትር ሞተሯ ሐረጎን ትችለዋለች ወይስ ባለ 1.5 ልፈልግ? የኋለኛው ወንበር ሲዘረጋ ሻንጣ የት ትጭናላችሁ? የያዛችሁ ንገሩኝ፤ ደላላውማ ሁሉንም «እሳት ናት» ነው የሚለው።