ሐይቅና አርዲቦ ዳር ያሉ መንደሮችን በ2 ቀን ለመዞር፦ በጀልባ፣ በባጃጅ ወይስ በእግር?

የአዲስ መንገደኛ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ 4 ሆነን ወደ ደቡብ ወሎ እንወጣለን። ሐሳባችን ሐይቅ ከተማ አድረን 1 ቀን የሐይቁን ዳር መንደሮች፣ 1 ቀን ደግሞ ጎረቤቱን የአርዲቦን ሐይቅ ማየት ነው። እናታችን አብረውን ናቸው፤ 67 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ዳገት አይወድም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም መሳለም የቆየ ምኞታቸው ነው። ሙሉ ዙሩን በጀልባ ማድረግ ይቻላል? ወይስ መኪና እስከ መንደሮቹ ይገባል? ጀልባ ስንከራይ ምን ብለን እንዋዋል? አርዲቦስ ለእሳቸው ይሆናል? አካባቢውን የምታውቁ ብትነግሩን።

ደሴ ፒያሳ

እህትዓለም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመንገዱ ልጀምር። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሙሉ ቀን ይበላል። ስለዚህ በዚያው ቀን ሐይቅ እንደርሳለን አትበሉ፤ ደሴ እደሩ። በአውሮፕላን ከሆነ የምታርፉት ኮምቦልቻ ነው፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከደሴ ሐይቅ ከተማ ደግሞ በወልድያው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ሞልቶ ነው የሚነሳው። መንገዱ ጠመዝማዛና ቁልቁለት ስለሆነ እናታችን ከፊት ወንበር ይቀመጡ፤ ከኋላ ያለ ሰው ነው ቶሎ የሚያቅለሸልሸው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሐይቅ ከተማው ውሃው ዳር አይደለም። ከተማው በስተ ምዕራብ አስፋልቱ ላይ ነው፣ ወደ ውሃው በባጃጅ ትወርዳላችሁ። ባጃጁን «አድርሰን» ብቻ ብላችሁ አትውረዱ። መመለሻውን ሰዓት ቆርጣችሁ፣ የሹፌሩን ስልክ ይዛችሁ፣ ግማሹን ሂሳብ ስትመለሱ ክፈሉ። ከአመሻሹ 11 ሰዓት በኋላ ከዳር ባጃጅ ማግኘት ይከብዳል። ሌላው ዓርብ ነው፤ አገሬው አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጁምዓ ላይ ነው፣ ባጃጅም ጀልባም በዚያ ሰዓት አትጠብቁ።

ከደሴ ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ላይ ሹፌሮችን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ የዕለቱን ወሬ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በማታ አትጓዙ።

የሎጎ ዳር

ሙሉ ዙር በጀልባ ላልሽው፦ ይቅርባችሁ። ሐይቁ በረጅሙ በኩል 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ ዳሩን ተከትሎ ዙሪያው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በቀዘፋ ሙሉ ቀን ነው፣ ቀኑ ደግሞ ሙሉውን የእናንተ አይደለም፤ ግማሹ የነፋሱ ነው። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ተኝቶ ታዩታላችሁ፤ ወደ 6 እና 7 ሰዓት ላይ ነፋስ ይነሳል። ምልክቱን እወቁት፦ መጀመሪያ መሃሉ ላይ ውሃው በቁራጭ በቁራጭ ይጠቁራል፤ ያ ጥቁር ነገር እየሰፋ ወደ እናንተ ይመጣል። ቀጥሎ የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ያወጣል። አረፋውን ካያችሁ ዘግይታችኋል። ውሃው ሲጠቁር ነው ወደ ቅርቡ ዳር መጠጋት ያለባችሁ፣ ወደ ተነሳችሁበት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በነፋስ ፊት ለፊት እየቀዘፈ «ሻንጣችን እዚያ ነው» ብሎ ሲመለስ ነው። በደረሳችሁበት ውረዱና በእግር ወይም በባጃጅ ተመለሱ።

የሐይቁ ጥልቀት 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ብዙ ቦታ ላይም ከዳሩ ትንሽ ራቅ እንዳሉ ወለሉ ድንገት ይወርዳል። «እስከ ጉልበት ነው» ብሎ የሚገባ ሰው ቀጣዩ እርምጃው መሬት ላያገኝ ይችላል። ዋና የማይችል አይግባ።

ስትዋዋሉ እነዚህን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፦ ዋጋው በሰው ነው በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው? ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? ነፋስ ቢነሳና ሌላ ዳር ብትወርዱ ሂሳቡ እንዴት ይሆናል? ይቺን የመጨረሻዋን ማንም አይጠይቅም፣ ጭቅጭቁ ግን የሚመጣው ከእሷ ነው። ሞተር ጀልባ ከሆነ ቤንዚኑን በዓይናችሁ እዩ፣ መቅዘፊያም ይኑር፤ ሞተር ሲቆም የሚያወጣችሁ እሱ ነው። ላይፍ ጃኬት በሰው ልክ ቁጠሩ። ከጎደለ ክዳኑ በደንብ የሚጠብቅ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሰው አንድ አንድ ይያዝ። የያዘውን አዋቂ ሰው ያንሳፍፋል፣ ክዳኑ ካፈሰሰ ግን ከንቱ ነው፤ ውሃ ውስጥ ደፍቃችሁ አረፋ ካላወጣ ደህና ነው።

በሳር የታሰረ ታንኳ ካያችሁ ፎቶ አንሱት እንጂ እናታችንን አታሳፍሩበት። ሳሩ ቀን በዋለ ቁጥር ውሃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ ለዚያ ነው ዓሣ አጥማጁ ሥራ ሲጨርስ ጎትቶ ዳር ላይ አቁሞ የሚያደርቀው። ለአንድ ሰውና ለመረብ የተሠራ ነው።

መረብ ካነሳን አይቀር፦ መረብ አመሻሽ ይጣላል፣ ንጋት ይሰበሰባል። ጫፉ ላይ ባዶ ሃይላንድ ታስሮ ይንሳፈፋል። ሁለት ሃይላንድ በመስመር ካያችሁ መሃላቸው መረብ አለ፤ ሹፌሩ ዞሮ ይለፍ። በላዩ ከሄደ የሞተሩ መዘውር ይጠመጠምበታል፣ የሰውየውም የቀን እንጀራ ይቀደዳል። ለቸኮለ ሹፌር «በዚያ በኩል ዙር» ለማለት አትፈሩ።

የኔ ምክር፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ አንድ ዳር ብቻ መርጣችሁ ተሻገሩ፣ መንደር ውስጥ 2 ሰዓት ቆዩ፣ ከ5 ሰዓት በፊት ውሃውን ልቀቁ። ከሰዓት በኋላውን ለገዳሙና ለዓሣው ተዉት። ዓሣ ስትገዙ ጉንጩን ገለጥ አድርጉ፤ ውስጡ ደማቅ ቀይ፣ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ከሆነ የዛሬ ነው። ዓይኑ ከደፈረሰና ከጎደጎደ እለፉት። እዚህ የሚወደደው ቆሮሶ ነው፣ ሐይቁ ውስጥ የገባውም በሰው እጅ ነው።

ተሳላሚ

ስለ እናታችን አንድ ነገር ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በር ላይ ደርሰው እንዳያዝኑ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። ከበሩ ውጭ ሆነው ይሳለማሉ፣ ይጸልያሉ፤ አጠገቡ የሴቶች ገዳም ስላለ ደግሞ እዚያ እማሆይ ዘንድ አረፍ ይላሉ። ወንዶቹ ገብታችሁ ጸበሉንና እምነቱን አምጡላቸው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በደስታ ይመለሳል።

መድረሻው አያስቸግርም። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ስለተያያዘ ባጃጅ ይሄዳል፤ ጀልባ ግድ አይደለም። ቀኑን ግን ልብ በሉ፦ ጥር 1 የቅዱስ እስጢፋኖስ ዕለት ነው። በረከት ከፈለጋችሁ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም፣ ግን ማደሪያው ይሞላል፣ ባጃጁ ይወደዳል፣ እናታችን ሰልፍና ግፊያ ውስጥ ይቆማሉ። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ጥር 3 ወይም 4 አድርጉት። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ክብረ በዓል ኅዳር 26 ስለሆነ አልፏል።

ዕቃ ቤቱን ለማየት የሚያሳዩት አባት ቁልፉን ይዘው እንዲመጡ መጠበቅ አለ። ቅዳሴ ሰዓት አትጠይቁ። በጾም ቀን ቅዳሴው ከሰዓት ስለሚሆን ጠዋት ሂዱ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን የትምህርት ቤት አድርገውት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ከዚያ ዘመን የወረደው የወንጌል መጽሐፍ ብራና ነው፤ አትንኩት፣ የካሜራ ብልጭታም አጥፉ። ፎቶ ፈቃድ ካልተሰጠ ክርክር የለም።

የአዲስ መንገደኛ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ የገዳሙን ነገር ባትነግሩን ኖሮ ትልቅ ሐዘን ይሆን ነበር። የቀረችኝ አርዲቦ ናት። መንደር ውስጥ ስንገባስ እንዴት ነው ወጉ?

እማ ጀበና

አብሽሪ፣ ቀላል ነው። አርዲቦ ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ስትሞላ ትርፏ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። መንገዱ ጥርጊያ ነው። ጥር ላይ ደረቅ ስለሆነ ባጃጅ ይወጣል፣ ግን 3 ሰው ብቻ ጫኑ፤ 4 ከሆናችሁ ዳገቱ ላይ ሁለቱ መውረዳቸው አይቀርም፣ ስለዚህ 2 ባጃጅ ያዙ። ማታውን ዝናብ ከጣለ ተዉት፤ ጥቁሩ አፈር ጎማውን ጠቅልሎ ይይዛል፣ እናታችንን ጭቃ ውስጥ ታስወርዳላችሁ። አርዲቦ ከሐይቅ ያነሰ ሰው ይመጣባታል፣ ዳሯ ላይ ሻይ ቤት አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ፦ ውሃና ምሳ ይዛችሁ ውጡ። ለኔ ከሁለቱ የምትበልጠው እሷ ናት።

ወጉን በተመለከተ፦ አጥር ላይ ቆማችሁ «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩ፤ መልስ ሳይመጣ ግቢ አትግቡ። ቀድሞ የሚወጣው ሽማግሌ ከሆነ ሰላምታው ረዘም ይላል፤ ጤና፣ ልጅ፣ ከብት፣ ዝናብ እስኪጠየቅ ድረስ ጉዳያችሁን አታውጡ። ቡና ከቀረበ አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ተናገሩ፣ በረካው ድረስ መቆየት ግን ይሻላል። ስጦታ ለልጆች ብር አትስጡ፤ ልጆቹ ትምህርት ትተው መኪና መጠበቅ ይለምዳሉ። 1 ኪሎ ስኳር ወይም ቡና ለእመቤቲቱ በእጇ ስጧት። ሴቶችን ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሱ።

አንድ የጤና ነገር ልጨምር። በአካባቢው ቢልሃርዚያ አለ። የሚይዘው ውሃ በመጠጣት ብቻ አይደለም፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ሳር የበዛበትና ውሃው የቆመበት ዳር፣ ጅረት የሚገባበት ቦታ ላይ በባዶ እግር አትቁሙ። ከጀልባ ስትወርዱ እግራችሁ ከራሰ ወዲያው በደረቅ ፎጣ አሹት። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከመጣ ሐኪሙን «ሐይቅ ውሃ ገብቻለሁ» በሉት፤ ካልነገራችሁት ሌላ በሽታ ሲያክም ይከርማል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ዝርዝር ብርም ከሐይቅ ከተማ ያዙ፣ ጋቢ አትርሱ፤ ጥር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል።

የሎጎ ዳር

እማ ጀበና ላይ አንድ ልጨምር፦ ሐይቅን በመጀመሪያው ቀን፣ አርዲቦን በሁለተኛው አድርጉት። ጠዋቱ ነፋሻ ሆኖ ጀልባው ከቀረ ገዳሙ አለላችሁ፣ ጀልባውን ለማግስቱ ጠዋት ታደርጉታላችሁ፤ በተቃራኒው ካደረጋችሁት ግን ለሌላ ቀን የሚተርፍ ጠዋት የለም። ስትደርሱ ጀልባውን ማታ ላይ ተዋዋሉ፤ ጠዋት ዳር ላይ ቆሞ መጨቃጨቅ የሚበላው ያንኑ የጸጥታ ሰዓት ነው።