1 ኤችፒ እና 750 ዋት አንድ ነው እንዴ?

ሰላም ጓዶች፣ የውሃ ፓምፕ ልገዛ ሄጄ አንዱ ላይ 750 ዋት ሌላው ላይ 1 ኤችፒ ይላል፣ ሻጩ "ያው ነው" ብሎኝ ሳቀ። እውነቱን ነው? ደሞ ዋት የሰው ስም ነው የሚሉት እውነት ነው ወይ?

↳ አልዋሸህም ወንድሜ፣ 1 ኤችፒ 746 ዋት ገደማ ነው። ኤችፒ የፈረስ ጉልበት ማለት ነው፣ ጄምስ ዋት የሚባለው ስኮትላንዳዊ የእንፋሎት ሞተሩን ሲሸጥ ገዢዎቹ ሥራቸውን በፈረስ የሚያሠሩ ስለነበሩ "ይሄ ስንት ፈረስ ይተካልኛል?" ነው የሚሉት፣ እሱም አንድ ፈረስ በደቂቃ 33,000 ፓውንድ አንድ ጫማ ያነሳል ብሎ ቆረጠው። በኛ ሂሳብ 76 ኪሎ ገደማ በሰከንድ አንድ ሜትር ማንሳት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይሄን የሚችል ፈረስ ካለ አሳዩኝ 😂

↳ የሚገርመው ሰውየው የእንፋሎት እንጂ የኤሌክትሪክ ሰው አይደለም። በ1819 (እ.ኤ.አ.) ሞተ፣ ስሙ ለመለኪያ ይሁን ብሎ መሐንዲሱ ዊልያም ሲመንስ ያቀረበው በ1882 ነው። ቮልትና አምፔር ግን ከዛ በፊት በ1881 ፓሪስ ጉባኤ ላይ ጸድቀዋል፣ ቮልት ከጣሊያናዊው ቮልታ፣ በ1800 ባትሪ የሠራው፣ አምፔር ደሞ ከፈረንሳዊው አምፔር።

↳ ታሪኩ ይቆየንና ፓምፑ ላይ የተጻፈው ከመስመር የሚስበው ኤሌክትሪክ ነው ወይስ ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበት እሱን እይ። 1 ኤችፒ የሚያወጣ ሞተር ከመስመር የሚስበው ከ746 ዋት በላይ ነው፣ ቆጣሪው ደሞ የሚቆጥርብህ የሳበውን ነው።

↳ ኧረ ተባረኩ፣ ነገ ተመልሼ ጽሑፉን ፎቶ አነሳዋለሁ።