የጨረቃዋ ጥንቸል ሐረግ ናትን?

አንባቢው፦
ሊቀ ጥያቄ ትናንት ስለ አዝቴክ (የጥንት ሜክሲኮ ሕዝብ) ብራናዎች የጻፈው ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። «ጨረቃ ውስጥ የተሣለችው ጥንቸል በእኛ ብራና ላይ እንዳለ ሐረግ ናት፤ ገጽ ታስጌጣለች እንጂ ምንም አትናገርም» አለ። ቫቲካን ያለውን የጥንት ሜክሲኮ የሥዕል መጽሐፍ፣ የቦርጂያ ብራናን፣ ገጽ 71 ያየ ሰው ይህን አይልም። የፀሐይ አምላክ ተቀምጧል፤ 13 በራሪ ፍጥረታት ከነቁጥራቸው አብረውት አሉ፤ ጨረቃም ከነጥንቸሏ በዚያው ገጽ ላይ ናት። የተቆጠረ ነገር እንዴት ጌጥ ይባላል?

ሊቀ ጥያቄ፦
ቃሌን አላጥፍም። የትግራዩን ገዳም የጉንዳ ጉንዴን የብራና ሐረጎች የተመለከተ ሰው ለጌጥም ብዙ እንደሚደከም ያውቃል። በራሪዎቹ ተቆጥረዋል፤ ጥንቸሏ ግን አልተቆጠረችም።

ወለተ ብራና፦
ሐረግ ቢፋቅ ንባቡ አይጎድልም። ጥንቸሏ ብትፋቅ ግን የሚቀርህ ውኃ የያዘ፣ አጥንት የሚመስል ጎድጓዳ ዕቃ ነው። ጨረቃ መሆኑን በምን ታውቀዋለህ?

ሊቀ ጥያቄ፦
በዚያው ብራና ሌላ ገጽ ላይ በጥንቸሏ ቦታ የባልጩት ስለት ገብቷል፤ ጨረቃዋ ግን ያችው ጨረቃ ናት። ክርክርሽን ራሱ ብራናው አፈረሰው።

ወለተ ብራና፦
አጸናው እንጂ! አንዱ በሌላው የሚተካው ሁለቱም የሚናገሩት ሲኖራቸው ነው። ጥንቸልም ባልጩትም ከ20ዎቹ የቀን ምልክቶች መካከል ናቸው፤ ዓመትም በሁለቱ ይሰየማል። በእነዚህ ምልክቶች የሚሄደውን የ260 ቀን አቆጣጠር የሚያውቅ ካህን ሁለቱን ያነባቸው ነበር። ሐረግን ማን አነበበ?

አባ ቀለሙ፦
ልጆቼ፣ ታሪኩን ዘለላችሁት። ስፔናዊው መነኩሴ ሳሃጉን በአዝቴኮች ቋንቋ፣ በናዋትል፣ ያስጻፈው ሰባተኛው መጽሐፍ ይነግረናል። በጥንታዊቷ የሜክሲኮ ከተማ በቴኦቲዋካን ሁለት አማልክት እሳት ውስጥ ሊገቡ ቆሙ። ባለጸጋው አራት ጊዜ ተንደርድሮ አራት ጊዜ ፈራ፤ ቁስለኛው ናናዋትሲን ግን ዘሎ ገባና ፀሐይ ሆነ። ባለጸጋው ተከትሎት ሲገባ ጨረቃ ሆነ፤ ብርሃናቸው እኩል ስለነበር ከአማልክቱ አንዱ ፊቱን በጥንቸል መታው፤ ደበዘዘ። ያቺ ጥንቸል የፈሪው ጠባሳ ናት። እንዴት ጌጥ ትሏታላችሁ?

ሊቀ ጥያቄ፦
አባ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ያ መጽሐፍ የተጻፈው ከስፔን ወረራ በኋላ ነው። የቦርጂያው ብራና ደግሞ ከወረራው በፊት የነበረ፣ ብዙዎች ከመካከለኛው ሜክሲኮ፣ ከፑዌብላና ከትላሽካላ አካባቢ ነው የሚሉት ሥራ ነው። ትላሽካላ የአዝቴኮች ጠላት ነበረች! የአንዱን ታሪክ በሌላው ሥዕል ላይ አትጫኑ።

አንባቢው፦
ጠላት ቢሆኑም የሚቆጥሩት ያንኑ 260 ቀን፣ የሚናገሩትም ናዋትል ነበር። ጎረቤት ስለተዋጋ ጨረቃው ይለያያል?

የመቅደላ ልጅ፦
እናንተ ስለ ጥንቸል ትከራከራላችሁ፤ ብራናው ግን ዛሬም ቫቲካን ነው። የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ2020 ለፖፕ ደብዳቤ ጽፈው የጠየቁት እንኳ በውሰት ነበር። የራስን ብራና መዋስ! የመቅደላ መጻሕፍት ለንደን ላሉብን ለእኛ ይህ ቃል ያማል።

ሊቀ ጥያቄ፦
መቅደላ በጦር የተዘረፈ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተት።

የመቅደላ ልጅ፦
ሜክሲኮስ በምን ተያዘች? በጸሎት ነውን?

ወለተ ብራና፦
እሱን ለብቻው እንከራከርበት። ሊቀ ጥያቄ፣ መልስህን አሁንም እጠብቃለሁ፤ በሌላ ገጽ በባልጩት የተተካ አንድ ሐረግ ከጉንዳ ጉንዴ አምጣልኝ።